ጥላ የሌለው ቀን፦ የዓመቱን መታጠፊያዎች ለራስ መታደሻ ማዋል፣ ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው

ስለ ጥንታዊ አውሮፓውያን የወቅት በዓላት፣ በዓመቱ አጭር ቀን ሰሞን ስለሚውለው ዩልና በበጋ መግቢያ ስለሚውለው ቤልቴን ያነበበ የድሬዳዋ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ቀኖቹን በመቅዳት ነው። ጥቅምት 21 ማታ ሻማ ያበራል፤ ታኅሣሥ 12 ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያነጋል። ግን ውስጡ አንዳች ነገር አይነቃነቅም፤ በዚያው ይተወዋል። ምክንያቱ ከሰውየው ስንፍና አይደለም። እነዚያ በዓላት የተወለዱት ብርሃን ተመናምኖ ሊያልቅ በሚደርስበት አገር ነው። ለንደን ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀኑ ርዝመት 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በሰኔ ደግሞ ከ16 ሰዓት ተኩል ያልፋል። እኛ ዘንድ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ አይደርስም። ድሬዳዋ ላይ ታኅሣሥ 12 ፀሐይዋ እንደ ወትሮዋ ትወጣለች፣ እንደ ወትሮዋ ትገባለች፤ የሚያስፈራ ጨለማ የለም፣ ስለዚህም «ብርሃን ተመለሰ» ብሎ የሚያስፈነድቅ ነገር የለም።

ዘዴው ግን ይሠራል፤ እኔም በዚህ አጥብቄ አምናለሁ። ከነሱ የሚወሰደው ዘዴው ነው፤ ቀኑን ከራሳችን ሰማይና ከራሳችን መሬት ማውጣት አለብን። እንዴት እንደሚወጣ፣ በየቀኑስ ምን እንደሚደረግበት ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።

አስቀድሞ፦ ዘዴው ምንድን ነው?

አየርላንድ ውስጥ ኒውግሬንጅ የሚባል የድንጋይ መቃብር አለ። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት 3200 ዓመት ገደማ ነው። በዓመቱ አጭር ቀናት ማለዳ ላይ የፀሐይ ጮራ ከበሩ በላይ ባለች ቀዳዳ ገብቶ፣ 19 ሜትር የሚሆነውን ጠባብ መተላለፊያ ተከትሎ የውስጡን ክፍል ለ17 ደቂቃ ያህል ያበራል። ያን ያህል ድንጋይ የተሸከሙት ሰዎች ምን ብለው እንደጸለዩ የነገረን የለም፤ ግን አንድን የተወሰነ ማለዳ ሊስቱት እንዳልፈለጉ ሥራቸው ይናገራል። በዚያው አገር ሚያዝያ 23 ገደማ በሚውለው ቤልቴን ከብቶች ወደ በጋ ግጦሽ ከመሰማራታቸው በፊት በሁለት እሳት መካከል እንዲያልፉ ይደረግ ነበር። ኢራን ውስጥ ደግሞ የአዲስ ዓመታቸው የኖውሩዝ ሰሞን፣ ቀንና ሌሊት እኩል ሊሆኑ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ቤት ከጣሪያ እስከ ወለል ይጸዳል፤ በአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ማክሰኞ ማታ እሳት ይዘለላል፤ «ቢጫዬ ላንተ፣ ቀይህ ለኔ» እየተባለ ሕመምና ድካም ለእሳቱ ይሰጣል። በሳህን የበቀለው ስንዴ በአዲሱ ዓመት 13ኛ ቀን ወደ ወራጅ ውሃ ይጣላል።

ሁሉም ውስጥ ሦስት ነገር አለ፤ ፈረንሳዊው ምሁር አርኖልድ ቫን ጄኔፕ በ1909 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሽግግር ሥርዓቶች ሲጽፍም በእነዚሁ ሦስት ከፍሏቸዋል። መጀመሪያ ከነበሩበት መለየት፤ ቀጥሎ ከዚህም ከዚያም ያልሆነ መሸጋገሪያ ጊዜ፤ በመጨረሻ አዲስ ሆኖ መቀላቀል። አብዛኞቻችን የዘመን መለወጫ ዕቅድ ስናወጣ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው እንዘላለን። አሮጌው አልተሸኘም፣ መሸጋገሪያው አልታለፈም፤ ስለዚህ ጥቅምት ሳይገባ ዕቅዱ ይረሳል።

ደግሞ ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ እናቀጣጥላለን፤ በጳጉሜን ዝናብ እንጠመቃለን፤ ግንቦት 1 ለልደታ ጎረቤት ከቤት ወጥቶ ንፍሮውን ደጅ ላይ ይበላል፤ ኦሮሞ ክረምቱ ሲያልፍ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃ ይወርዳል። የፀሐይ አምልኮ አልጠይቃችሁም። ሙስሊምም ሁኑ ክርስቲያን ወይም ዋቄፈታ፣ ጸሎቱን ከየሃይማኖታችሁ ታመጣላችሁ፤ እኔ የማቀርበው ጊዜውንና አካሄዱን ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ፀሐያችሁን ፈልጉ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ቀኑን ከስልክ ላይ ማንበብና በገዛ ግቢያችሁ በገዛ እጃችሁ ማግኘት አንድ አይደሉም።

አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ አዘጋጁ፤ የመጥረጊያ እንጨት በልኩ ቢቆረጥ ይበቃል። ጠመኔ ወይም ከሰል፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ክርና አንድ ጠጠርም ያስፈልጋል። ሲሚንቶ የተለሰነ ግቢ ወይም ጠፍጣፋ ጣሪያ ምረጡ። ዘንጉን አቁሙና ጠጠሩ የታሰረበትን ክር ከጎኑ አንጠልጥሉ፤ ዘንጉ ከክሩ ጋር ትይዩ ከሆነ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ከዚያ ከቀኑ 5 ሰዓት ከ50 ጀምራችሁ እስከ 6 ሰዓት ከ30 በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርጉ። አጭሩ ጥላ የወደቀበት ደቂቃ የናንተ እውነተኛ እኩለ ቀን ነው። ልክ 6 ሰዓት ላይ ባይሆን አትደነቁ፤ የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ላለ የምድር መስመር ስለሆነ ፀሐይ አናታችን ጋ የምትደርሰው እንደ ወሩ ከ5 ሰዓት ከ55 ገደማ እስከ 6 ሰዓት ከ27 ገደማ ባለው ጊዜ ነው።

ድሬዳዋ ላይ የምታገኙት ይህን ይመስላል። መስከረም 12 ገደማ ቀንና ሌሊት ሲተካከሉ የአንድ ሜትር ዘንግ የቀትር ጥላ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆንና ወደ ሰሜን ይወድቃል። ታኅሣሥ 12 ገደማ 65 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የዓመቱ ረጅም የቀትር ጥላ ይህ ነው። መጋቢት 11 ገደማ ተመልሶ 17 ይሆናል። ሚያዝያ 7 ገደማ ጥላው ይጠፋል። ፀሐይ ልክ አናት ላይ ናት፤ ዘንጉ የራሱን ጥላ ረግጦ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ መውደቅ ይጀምራል፤ ሰኔ 14 ገደማ 25 ሴንቲ ሜትር ይደርስና ይመለሳል። ነሐሴ 22 ገደማ ለሁለተኛ ጊዜ ይጠፋል። ሐረር ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

በአውሮፓ ምድር ይህ የለም። ለንደን ላይ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ቆማ አታውቅም፤ ጥላም ምንጊዜም ወደ ሰሜን ነው። እኛ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ጥላ የሌለው ቀን አለን፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ጥላችን አቅጣጫውን ይቀይራል። አያቶቻችን ሰዓትን በጥላ፣ ጥላን በጫማ ይለኩ ነበርና ጉዳዩን ከኛ በተሻለ ያውቁት ነበር።

2ኛ ደረጃ፦ ሦስት ቀን ምረጡ

ዛሬ በስፋት የሚታወቀው ባለ ስምንት በዓል ዑደት እንግሊዝ ውስጥ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የተገጣጠመ ነው፤ አንዳንዶቹ በዓላት ግን በእርግጥ ጥንታዊ ናቸው። ስምንት ለሥራ ሰው ይበዛል። እኔ ሦስት እመክራለሁ፦ ነሐሴ 22፣ ታኅሣሥ 12 እና ሚያዝያ 7። ሦስቱም በሐረርጌ መሬት ላይ ከሚሆነው ጋር ይገጥማሉ። በነሐሴ መጨረሻ ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። በታኅሣሥ ማሽላው ታጭዷል፣ ቡናውም ከነገለባው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። በሚያዝያ የበልጉ ዝናብ መጥቶ ማሽላ ይዘራል። ሰኔ 14ን የምተወው አውቄ ነው፤ ድሬ ላይ በዚያ ሙቀት ከሰው የሚጠበቀው ጥላ ፈልጎ መቀመጥ ብቻ ነው።

3ኛ ደረጃ፦ ነሐሴ 22፣ መሸኘት

ከነሐሴ 22 እስከ መስከረም 1 ልክ 14 ቀን ነው፣ ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት 15። የዚህ መመሪያ ዋና ሥራ እዚህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትተዉ እንኳ ይህን አድርጉ።

ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ዘንጋችሁ አጠገብ ቁሙ። ጥላው ሲጠፋ የምትሸኙትን አንድ ነገር በቃል ተናገሩ። አንድ ብቻ። «የተሻለ ሰው እሆናለሁ» አይሸኝም፤ መልክ የለውም። «ከታናሽ እህቴ ጋር የተኳረፍኩት»፣ «ከሱቅ በዱቤ መኖር»፣ «ከምሳ በኋላ ያለውን ቀን በሙሉ በበርጫ ማሳለፍ» ግን መልክ አላቸው፣ እጅ ይይዛቸዋል።

እዚህ ላይ ለድሬና ለሐረር ሰው ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። ቃላችሁን በምርቃና ሰዓት አትስጡ። በምርቃና ያልተገነባ ፎቅ፣ ያልታረቀ ጠላት የለም፤ ማታ ሲወርድ ግን ሁሉም ይወርዳል። ቀትሩን የመረጥኩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ጫት ገበያ ሳትደርሱ፣ ምሳ ሳትበሉ፣ ጭንቅላታችሁ የራሳችሁ ሆኖ ሳለ።

ከዚያ ለ8 ቀን፣ እስከ ነሐሴ 30፣ ሽኝቱ በእጅ ይሠራል። ቤት ውስጥ አንድ ጥግ ምረጡና እስከ ሥሩ አጽዱ፤ ቁምሳጥን ሊሆን ይችላል፣ ከአልጋ ሥር ያለው ካርቶን ሊሆን ይችላል። ሐረር ውስጥ ነደባው (የመቀመጫ መደቡ) ቀይ ቀለም የሚቀባበት ባህላዊ ቤት ያላችሁ ከሆነ አንድ መደብ ብቻ አጥባችሁ እንደገና ቀቡ። ዕዳ ካለ፣ ትንሽም ቢሆን ከፍላችሁ ቀሪውን በቀን ቁረጡ። ጠብ ካለ ሽማግሌ ላኩ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ሊዘለው ይወዳል፤ ሻማ ማብራት ሽማግሌ ከመላክ ይቀላልና። ነገር ግን ሰው ሳይጨመርበት የተደረገ መታደስ ሲጸና አላየሁም። ከእድራችሁ ወይም ከአፎቻ (የሐረሪ መረዳጃ) ማኅበራችሁ አንድ የምታምኑትን ሰው ጥሩና የምትሸኙትን ንገሩት፤ ምስክር ይሁናችሁ።

በ8ኛው ቀን ማታ ነገሩን በወረቀት ጽፋችሁ በከሰል ማንደጃ ላይ አቃጥሉ። ዕጣን ወይም የወይራ ፍልጥ ብትጨምሩ መልካም ነው። ማንደጃው ደጅ ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላልም። ፌስታልና ፕላስቲክ እሳቱ ውስጥ አይግባ። ዝናብ ከመጣ በረንዳ ላይ አድርጉት፤ ቀኑን አትለፉት።

4ኛ ደረጃ፦ ጳጉሜን፣ መሸጋገሪያው

ብዙ አገር 13ኛ ወር የለውም። እኛ አለን፣ ግን ደመወዝ የሌለው ወር ብለን እንስቅበታለን እንጂ አንጠቀምበትም። ለዚህ ሥራ ከዚህ የሚመች ጊዜ ከየትም አይመጣም፤ አሮጌው ዓመት አልቋል ማለት ይቻላል፣ አዲሱ አልገባም።

በእነዚህ 5 ወይም 6 ቀናት አዲስ ነገር አትጀምሩ። አትግዙ፣ አትፈራረሙ፣ ዕቅድ አታውጡ። ማታ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ስልክ ይዘጋ። ምግቡ ቀላል ይሁን፦ ንፍሮ፣ ሽሮ፣ ማሽላ ቂጣ። ጠዋት ጠዋት አንድ ገጽ ጻፉ፤ የምትጽፉት በዓመቱ ውስጥ የተቀበላችሁትን እንጂ የጎደላችሁን አይሁን። የጳጉሜን 3ቱን የሩፋኤል ዝናብ ልጆች ሲሯሯጡበት ቆማችሁ አትዩ፤ ግቡበት።

ሦስተኛው ቀን ላይ ብዙ ሰው ይሰላቻል፣ ይቆጣል፣ «ይሄ ሁሉ ለምን?» ይላል። ሥራው እየተሠራ ያለው ያኔ ነው። ከለመዳችሁት ነገር ስትለዩ የሚመጣው ባዶነት ወዲያው በሌላ ነገር ካልተሞላ፣ ምን እንደነበረ ራሱ ያሳያችኋል። ባዶነቱ ከብዶ እንቅልፍና ምግብ እስከ መከልከል ከደረሰ ግን ሥርዓቱን አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ሕመም በበዓል አይታከምም።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ላክል። ድሬዳዋ ውስጥ ሆናችሁ ወደ ደቻቱ ወንዝ አትውረዱ። በዚህ ወቅት አሸዋው ደርቆ፣ የከተማው ሰማይም ጠርቶ ሳለ ከላይ በደጋው የዘነበው ዝናብ ድንገት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። የሐምሌ 1998 ሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። መታጠብ ለሚፈልግ የጣሪያ አሸንዳ በባልዲ ይበቃዋል።

5ኛ ደረጃ፦ መሻገር

ሐረር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ በምዕራብ በኩል በሸዋ በር ውጡ። ያን ሌሊት ከግንቡ ከጀጎል ውጪ፣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት እደሩ። እንቁጣጣሽ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ በምሥራቅ በኩል በኤረር በር ግቡ። ከመንጋቱ በፊት ግን አትንቀሳቀሱ፤ ጅቦቹ ሰው የለመዱ ቢሆኑም በሌሊት በግንቡ ዙሪያ ብቻን መሄድ አይመከርም። ስትገቡ በእጃችሁ አንድ አዲስ ነገር ይኑር፦ አደይ አበባ ካገኛችሁ እሱን፣ ካልሆነ እርጥብ ሣር ወይም ትኩስ ዳቦ። መጀመሪያ ለምታገኙት ሰው ስጡት።

ድሬ ላይ የደቻቱ ድልድይ አለ። ማታ ከከዚራ ወደ መጋላ ተሻገሩ፣ ጠዋት ተመለሱ፣ ወይም በተቃራኒው። ከባዱ ነገር መሄዱ አይደለም፤ ስትመለሱ የሸኛችሁትን ነገር ከድልድዩ ማዶ መተው ነው። ለዚህ ነው ቀድሞ 14 ቀን የተሠራው።

6ኛ ደረጃ፦ ታኅሣሥ 12፣ መቁጠርና መሳል

በዚህ ቀን ጥላችሁ በዓመቱ ከምንጊዜውም ይረዝማል። ዘንጉን አቁሙ፣ 65 ሴንቲ ሜትሯን ለኩ፣ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ማሽላ ገብቷልና የቆጠራ ጊዜ ነው፤ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ባለፉት 100 ቀናት ገደማ ውስጥ የሸኛችሁት ነገር ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደመጣ በሐቅ ጻፉ። ተመልሶ መጥቶ ከሆነ የምስክራችሁን ቤት አንኳኩና ንገሩት።

ቀጥሎ ስለት ነው። ከዚህ ቀን በ7ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 19፣ አገር ሁሉ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ይወጣልና ስለት ምን እንደሆነ ለድሬ ሰው አልነግረውም። ከዚያ የምንማረው ጥብቅነቱን ነው፦ ስለት ጊዜ አለው፣ ልክ አለው፣ የሚከፈል ነገር አለው። የናንተም እንደዚያው ይሁን። «እስከ ሚያዝያ 7 ይህን አደርጋለሁ፤ ካደረግሁ ይህን ለእገሌ እሰጣለሁ»። የምትሰጡት ነገር ኪሳችሁን የሚነካ፣ ግን የማያራቁታችሁ ይሁን። 7ቱን ቀን አስቡበትና በ19 አጽኑት፤ ቁልቢ የምትሄዱም እዚያው፣ የማትሄዱም ቤታችሁ።

ማታውን ከጥቂት ወዳጆች ጋር አሳልፉት። ሐረር 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች በዚህ ወር ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ቁጢ (የቡና ቅጠል) በወተት አፍልታችሁ ዙሪያውን መቀመጥ የዩልን እሳት ያህል ይሞቃል።

7ኛ ደረጃ፦ ሚያዝያ 7፣ መዝራት

ከ10 ቀን አስቀድማችሁ አንድ እፍኝ ስንዴ ወይም ምስር ሌሊቱን ዘፍዝፉ፤ ዝርግ ሳህን ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፋችሁ በትኑት። ድሬ ላይ በሙቀቱ ቶሎ ይበቅላል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ጠዋትና ማታ ውሃ እርጩበት። ጥላው በሚጠፋበት ቀትር ቡቃያውን ይዛችሁ ቁሙና ስለታችሁን ክፈሉ። ያልደረሰ ከሆነ ቀኑን አራዝማችሁ በምስክር ፊት ተናገሩ።

ከዚያ የሚቆይ ነገር ትከሉ። ለድሬዳዋ ፓፓያ እመርጣለሁ፤ ሙቀቱን ይወደዋል፣ በእንክብካቤ ካደገም በዓመት ገደማ ፍሬ ማየት ይጀምራል፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ሚያዝያ 7 የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። ሦስት አራት ዘር አንድ ላይ ዝሩ፤ ፓፓያ ወንዴና ሴቴ አለውና አንዷ ብቻ ብትበቅል ላታፈራ ትችላለች። ሐረር ላይ ግቢ ለሌለው ጤና አዳም በቆርቆሮ ይበቃዋል።

በሌላው በዓል ላይ እንግዳ ስትሆኑ

ኢሬቻ የኦሮሞ ሕዝብ ምስጋና ነው፤ በክረምቱ ማብቂያ በውሃ ዳር፣ በበጋው ደግሞ በተራራ ላይ ይከበራል። ሐረር ውስጥ በአሹራ ቀን ለጅቦች ገንፎ የማቅረብ ልማድ አለ፤ ጅቦቹ ሲበሉ ታይቶ የመጪው ዓመት ሁኔታ ይገመታል። አሹራ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። ሁለቱም ባለቤት አላቸው። ሲጠሯችሁ ሂዱ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂዱ፣ ሽማግሌዎቹ የሚመርቁትን «አሜን» በሉ። ቆርጣችሁ ወደ ግል ሥርዓታችሁ ግን አታምጡት፤ ምርቃቱ ከመራቂው ሲለይ ምንም አይቀረውም።

ደመና ሲኖር፣ ቀን ሲያልፍ

ነሐሴ 22 ደመና ሊሆን ይችላል፤ አትጨነቁ። በዚያ ሰሞን የአንድ ሜትር ዘንግ የቀትር ጥላ በቀን የሚለወጠው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና ከ3 ቀን በፊትም ሆነ ከ3 ቀን በኋላ ብትለኩ ጥላው ከ2 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። በዚህ መሐል ፀሐይ ብቅ ያለችበትን የመጀመሪያውን ቀትር ያዙ። ታኅሣሥ ላይ እንዲያውም ጥላው ለሳምንት ያህል የቆመ ይመስላል። ነሐሴን ጨርሶ ያለፋችሁ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ አትጠብቁ፤ ታኅሣሥ 12ን ለሽኝት አድርጉት፣ እስከ 19 ያሉትን 7 ቀናት መሸጋገሪያ፣ መዝራቱን ለሚያዝያ። ዘንጉን ግን ዛሬውኑ አቁሙ፣ የዛሬውን ጥላ ለኩና ቀኑን ጽፉበት።